የፋን ቤት ጆሮ

በላይኛው ሺኬንግ መንደር ጁሜይን በአባቷ ስም የሚጠራት የለም፤ «የምትንጣጣዋ» ነው የሚሏት። እዚያ አገር ሳህን ከእቶን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ድምፅና ድምፁን ተከትሎ በላዩ ባለው ብርጭቆ መሰል ቅብ ላይ የሚዘረጋው የንቃቃት መረብ ስማቸው አንድ ነው። የጋለ ዘይት ውስጥ የገባ ሩዝም፣ ለአዲስ ዓመት የሚተኮስ ርችትም፣ አፏ የማያርፍ ሴትም በዚያው ቃል ይጠራሉ። ለስድብ ያወጡላት ስም ነበር። እሷ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ተቀበለችው፤ በገበያ ቀን ከመንገድ ማዶ ሲጠሯት «አቤት» እያለች ስልሳ ሦስት ዓመት ሞላት።

ስሙ የወጣላት በስምንት ዓመቷ ነው። የአባቷ ቤተሰብ የፋን ቤት እቶን ኮረብታውን ተከትሎ ሽቅብ የሚወጣ ረጅም እቶን ነው፤ በሚከፈትበት ቀን ሴት ከቀርከሃው አጥር አታልፍም። ሴት ካለፈች እሳቱ ይቆጣል ይላሉ። ጁሜይ አክስቷን፣ ማገዶውን ከጫካ ተሸክመን የምናመጣለት እኛ ሴቶቹ ነን፣ ያን ጊዜ ለምን አይቆጣም ብላ ጠየቀቻት። መልሱ ጥፊ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለዚያ ጥያቄ ከጥፊ የተሻለ መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ሽማግሌዎቹን በጠየቅሁ ቁጥር ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

እናም ልጅቷ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታዳምጥ ጀመር። ወንዶቹ ከሳህኖቹ አጠገብ ቆመው በዓይናቸው የሚከታተሉትን እሷ በጆሮዋ መከታተል ነበረባት። ከፋን ቤት የሚወጣ ሳህን ሁለት መረብ አለው፤ አንዱ ሰፊና ጥቁር፣ ሌላው ደቃቅና ወርቅ የሚመስል ቡናማ። ሰፊው ስንጥቅ ቀድሞ ይመጣል፤ ድምፁም ወፈር ያለ ነው። እሱ ሲያበቃ አጭር ዝምታ ይመጣል። ከዝምታው በኋላ ደቃቁ ይጀምርና ቀናት፣ አንዳንዴም ወራት ይቀጥላል፤ እሱ በኋላ በሻይ ውሃ ይቀባል። ጥቁሩ ቀለም መቀባት ያለበት ግን በዚያች ዝምታ ብቻ ነው። ቀለሙ ከቸኮለ ጥቁሩ መስመር ይቆራረጣል፤ ከዘገየ ደቃቁም ጥቁር ጠጥቶ ሳህኑ ጥላሸት የተደፋበት ይመስላል። ዝምታዋ አንድ ሲኒ ሻይ ቀስ ብለው እስኪጠጡ ብትቆይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳህን ደግሞ እንደ ውፍረቱ በተለያየ ሰዓት ትመጣለች።

በአሥራ አንድ ዓመቷ አንድ ቀን በቀርከሃው ቀዳዳ ስታይ አባቷ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። ወፍራሙ ድምፅ ገና አላለቀም። «ገና ነው» ብላ ጮኸች። ወንዶቹ ሳቁ፣ አባቷ ቀባ፣ የዚያን ቀን ሳህኖች በሙሉ መስመራቸው ተቆራርጦ ቀረ። አባቷ አጥሩን ዞሮ መጥቶ በቀርከሃ ገረፋት። በሚቀጥለው ጊዜ እቶኑ ሲከፈት ግን ብሩሹን ይዞ ቆመና ወደ አጥሩ አየ። ቆይቶም አየ። ጁሜይ ሰዓቱ ሲደርስ «እህ» ብላ ሳለች። እሱም ቀባ። እንዲያ ያለ ሳህን ከአያታቸው ዘመን ወዲህ አልታየም ተባለ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ያችን ሳል ሰምተዋል፤ ሁሉም ጉንፋን ነው ብለው ተስማሙ።

ሃያ ዓመት ሲሆናት ከሸለቆው በታች ላለ ሻይ አምራች ዳሯት። አማቷ፣ እዚህ ቤት ውስጥ የምትናገር ሴት አንድ ብቻ ናት፣ እሷም እኔ ነኝ አለቻት። ጁሜይ አሥራ አንድ ወር ሞከረች፤ ከዚያ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ በጀርባዋ አዝላ ወደ አባቷ ቤት ወጣች። ድልድዩ ላይ ያገኟት ሴቶች ባልሽ ፈታሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ አይደለም፣ እኔ ነኝ የፈታሁት አለቻቸው። ለመንደሩ ይህ የአንድ ክረምት ወሬ ሆነ።

አባቷ ሲሞት እቶኑ በአራት ዓመት ለሚያንሳት ወንድሟ ለዪሻን ደረሰ። ዪሻን እጁ የተባረከ ነው፤ ጭቃው በመዳፉ ውስጥ ራሱ መንገዱን የሚያውቅ ይመስላል። ነገር ግን ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ የቅቡን ድንጋይ በሚወቅጡት የውሃ መዶሻዎች ሥር ስለ ሠራ ጆሮው ተጎድቷል። ሰው ሲያናግረው ይሰማል፤ ቀጫጭኑን ድምፅ ግን አይሰማም። እዚያ አገር ደግሞ ጆሮ የሌለው የእቶን ሰው እጅ ከሌለው አይሻልም። ቤተሰቡ ነገሩን ከመንደሩ ውጭ ላለ ሰው ደበቀው።

ጁሜይ አባቷ በተቀበረ በሳምንቱ መጥረቢያ አነሳችና የቀርከሃውን አጥር ቆርጣ ጣለችው። ቀርከሃውን እቶን ውስጥ ከተተችው፤ እሳቱም ሳይቆጣ በላው። ከዚያ ወዲያ እቶን በሚከፈትበት ቀን ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች፤ እጇ ላይ ክዳን ያለው የሻይ ኩባያ ይኖራል። ዝምታዋ ስትመጣ ክዳኑን ታነሳለች። ዪሻን ያያል፣ ይቀባል። በዚህ መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠሩ። በሳህኖቹ መቀመጫ ሥር የሚጫረው ስም የዪሻን ብቻ ነበር፤ ከሩቅ የሚመጡ ገዢዎች እጅ የሚነሱት ለእሱ ነው፤ እሷንም ሻይ የምትወድ እህቱ ናት ይሏታል። ጁሜይ ይህ ሁሉ አይቆጠቁጣትም ነበር ብል ዋሸሁ። ቤቱ እስካወቀ ይበቃኛል እያለች ራሷን ታባብል ነበር።

ነገሩ የፈነዳው በማመልከቻው ነው። ከክፍለ ሀገሩ ከተማ ለሸክላ ሠሪዎች የሊቅነት ማዕረግ የሚሰጥ ኮሚቴ ዪሻን ያስገባውን ማመልከቻ ተቀበለ፤ በመጪው ወር መጥተው እቶን ሲከፍትና ሳህን ሲቀባ በዓይናቸው ያያሉ ተባለ። የመንደሩ ሰው ተደሰተ፤ ሊቅ ያለበት መንደር መንገድ ይሠራለታል ብለው ነበር። የዪሻን ሚስት ሊንጂያኦ ደስታው አላስችል ብሏት፣ ግቢው ውስጥ ሴቶቹ የቀርከሃ ቡቃያ ሲልጡ ማመልከቻውን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። ጁሜይም እዚያው ተቀምጣ ትልጣለች። ጥሩ ጥሩ ቃል አለበት፤ ስለ አባታቸው፣ ስለ አያታቸው። ከዚያ ሊንጂያኦ «ጥቁሩ ቀለም የሚቀባበትን ሰዓት የማውቀው በራሴ ጆሮ ብቻ ነው፤ ይህም ከአባቴ የወረስኩት ስጦታ ነው» የሚለውን አነበበች።

የጁሜይ ቢላዋ ቆመ። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ሊንጂያኦም ያነበበችው ነገር አፏን ካለፈ በኋላ ገባት።

ማታ እራት ላይ ጁሜይ ወንድሟን ያቺን አንድ መስመር እንዲያስተካክል ጠየቀችው። የጠየቀችው በደህና አነጋገር ነበር፤ ለእሷ ደግሞ ደህና አነጋገር ብርቅ ነው። ዪሻን ሩዙን እያየ ቅጹ የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚቀበለው አላት። ደንቡ አመልካቹ ሁሉንም ሥራ በራሱ መሥራት አለበት ይላል፤ ማዕረጉ ደግሞ የቤቱ ነው፣ ቤታችን አንድ ነው አላት።

«ቤቱ አንድ ነው» አለችው። «ጆሮው ግን የኔ ነው።»

«እትዬ፣ እባክሽ። አንዴ ማዕረጉ እጄ ይግባ እንጂ ከዚያ በኋላ ለፈለግሽው ሰው እነግራለሁ።»

«ከዚያ በኋላማ ማን ይሰማሃል? ሊቁ ስለ እህቱ ሲቀልድ ነው የሚሉት።»

ከዚያ የምታደርገውን ነገረችው። እሱን አታሳፍርም፣ ለኮሚቴውም አንድ ቃል አትተነፍስም። እንደ ሁልጊዜው በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች። ክዳኑን ግን አታነሳም። ሰዓቱን ማወቅ ከፈለገ በአፉ ይጠይቃት፣ ሰው ፊት፤ እሷም ሰው ፊት ትመልሳለች። ዪሻን አላመናትም። እህቱ አንድ ነገር ስትዝት ፍንክች እንደማትል ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ግን ምኞት ሰውን ያሞኛል።

በወሩ ውስጥ መንደሩ በተራ በተራ መጣባት። ያጎቷ ልጅ መጣ፣ የመንደሩ ሹም መጣ፣ ሊንጂያኦ በጭስ ያደረቀችውን ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ ይዛ መጥታ አለቀሰች። አንድ ክዳን ማንሳት ምን ይከብዳል አሏት። ጁሜይ ካልከበደማ ራሱ ያንሳው አለቻቸው። ሹሙ፣ በስተርጅና ስም ምን ያደርግልሻል ሲላት ደሟ ፈላ፤ ዪሻንንስ በስተርጅና ምን እንደሚያደርግለት ጠይቀኸዋል ወይ አለችውና በሩን ዘጋችበት። ቶፉውን ግን በላችው።

ኮሚቴው ጠዋት ላይ በሁለት መኪና ደረሰ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢያቸው ቱ የሚባል፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። የእቶኑ በር ተከፈተ፤ ዪሻን አምስት ሳህኖች አውጥቶ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ወዲያው መንጣጣት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ በጋለ መጥበሻ ላይ እንደ ተበተነ ሰሊጥ ሁሉም ባንድ ላይ። ቱ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። አጥሩ በነበረበት በኩል የመንደሩ ሰው ተኮልኩሎ ያያል።

ዪሻን ቀለሙን በጠበጠ፣ ብሩሹን አነሳ፣ ወደ ግድግዳው አየ። ጁሜይ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ክዳኑ እንደ ተከደነ ነው።

ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። ከሳህኖቹ ሁሉ ስሱ በስተቀኝ ያለው ነበር፤ የእሱ ዝምታ ቀድማ እንደምትመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። የጁሜይ ጣት ክዳኑ ላይ ነው፤ ከሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ የተነሳ ራሷን ካልያዘችው ሊያነሳው ይችላል። ወንድሟ ግንባሩ ላይ ላቡ ሲወርድ አየች። ስታሳድገው ከትከሻዋ ያልወረደ ልጅ ነው። ጥርሷን ነከሰችና እጇን ከክዳኑ አወረደች።

ከኮሚቴው አንዱ ሰዓቱን አየ። ዪሻን ከዚህ በላይ መቆም አልቻለም፤ በግምት የመጀመሪያውን ሳህን ቀባ። ጁሜይ ሲቀባው ዓይኗን ጨፈነች፤ ወፍራሙ ድምፅ ገና ይመጣ ነበር። ቀለሙ ሲጠረግ መስመሩ እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ታየ። ቱ ሳህኑን አንስቶ አገላበጠውና መልሶ አስቀመጠው። አራት ሳህን ቀርቷል።

ያን ጊዜ ዪሻን ብሩሹን አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወደ ኮሚቴው ዞረ።

«ማመልከቻዬ ላይ ውሸት አለ» አለ። «እኔ ይህን ድምፅ አልሰማውም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልሰማውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓቱን የነገረችኝ እህቴ ናት፤ ክዳኗን ስታነሳ አይቼ ነው የምቀባው። ዛሬ አታነሳልኝም። እውነቷን ነው።»

ሊንጂያኦ ከሴቶቹ መሃል ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቱ ደንቡ አመልካቹ ከማንም እርዳታ እንዳይጠይቅ እንደሚያዝዝ፣ ከጠየቀ ፈተናው እዚያው እንደሚያበቃ በትሕትና አስታወሰው። ዪሻን ይገባኛል አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እትዬ፣ ደረሰ?»

ጁሜይ ይህን ቃል አንድ ወር ሙሉ ስትጠብቀው ነበር፤ አሁን መጣ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። እስከ ዛሬ ብትሳሳት ስህተቱ የዪሻን ነበር፤ አሁን ብትሳሳት የእሷ ነው። የልቧ ምት ጆሮዋን ሞላው፣ ሳህኖቹን መስማት አቃታት። ፈራች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ፈርታ አታውቅም። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ሄደች፤ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ሁለተኛው ሳህን አስጠጋች። ቀስ በቀስ ልቧ ተመለሰ፣ ድምፁም ተመለሰ።

«ገና ነው» አለች። ድምፅዋ ግቢው ዳር ድረስ ተሰማ።

ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ኮሚቴው ጠበቀ፣ ሹሙ ጠበቀ፣ አጥር በነበረበት የተኮለኮሉት ወንዶች ጠበቁ። እንደዚያ ሆኖ ሰው ሁሉ በእሷ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ አያውቅም፤ እሷም አልቸኮለችላቸውም። ወፍራሙ ድምፅ ሳሳ፣ አንድ ሁለቴ ጠብ ጠብ አለ፣ ቆመ።

«አሁን።»

ዪሻን ቀባ። ወደ ሦስተኛው ተሸጋገሩ፣ ገና አለች፣ አሁን አለች፤ ወደ አራተኛው፣ ወደ አምስተኛው። ቀለሙ ሲጠረግ አራቱም ሳህኖች ላይ ጥቁሩ መስመር አንድ ቦታ ሳይበጠስ ከአፍ እስከ እግር ወርዶ ታየ። ከኮሚቴው በዕድሜ የምታንሰው ሴት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጁሜይ ግን ገና ጎንበስ እንዳለች ነበረች፤ ደቃቁ ሲጀምር መስማት ፈልጋ ነው፣ ለሌላ አይደለም።

ቱ መዝገቡን ዘጋ። ማዕረጉ ዘንድሮ ለፋን ዪሻን እንደማይሰጥ፣ ለዚህም እርዳታ ከመጠየቁ ሌላ ምክንያት እንደማይጻፍ ተናገረ። ሳህኖቹ በሥራ ዘመኑ ካያቸው ሁሉ የሚበልጡ ናቸው አለ፤ ደንብ ግን ደንብ ነው። ወደ መኪናው ሲሄድ ጁሜይ ጋ ቆም አለ።

«እማማ፣ ክዳኑን ቢያነሱት ኖሮ እኛ አናውቅም ነበር። ወንድምዎ ዛሬ ሊቅ ይሆን ነበር። አይጸጽትዎትም?»

«ይጸጽተኛል» አለችው። «ሠላሳ አንድ ዓመት አነሳሁት፤ እሱ ነው የሚጸጽተኝ።»

የኮሚቴው ሴት፣ ጁሜይ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች ወይ ብላ ቱን ስትጠይቀው፣ አመልካቹ ቅርጹንም በገዛ እጁ መሥራት አለበት አለ። ጁሜይ ሰምታ ሳቀች። እንግዲህ ለእኔና ለወንድሜ አንድ ገላ ስፉልን አለቻቸውና ሳህኖቹን ወደ ቤት ታስገባ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የነበረው ወር ቀላል አልነበረም። ሊንጂያኦ ፊት ነሳቻት፤ ሹሙ መንገዱን ያስቀረችብን እሷ ናት እያለ አወራ። ገበያ ላይ ስሟን ሲጠሩት እንደ ድሮው በቀልድ አልነበረም። ጁሜይም እንደ ድሮው «አቤት» ትላለች፣ ትንሽ ከፍ አድርጋ። የከበዳት የዪሻን ዝምታ ነበር። አይቆጣም፣ አይስቅም፤ ጭቃውን ይረግጣል፣ ሳህኑን ያወጣል፣ ይተኛል። ማዕረጉን ቀማሁት ብላ ሁለት ሌሊት ሳትተኛ አደረች። ብትመለስ ግን ያንኑ እንደምታደርግ ታውቃለች፤ እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ለቀጣዩ እቶን የተሠሩት ሳህኖች ሳይደርቁ አንድ ከሰዓት በኋላ ዪሻን ጠራት። ሳህኖቹን ደፍቶ በሳንቃ ላይ ደርድሯቸዋል። በእያንዳንዱ መቀመጫ ሥር ሁለት ስም ተጭሯል፤ ከላይ የእሱ፣ ከታች የእሷ። እሷን አያያትም፤ ብዕር የመሰለችዋን የቀርከሃ ስንጥር በእጁ ያሽከረክራል።

ጁሜይ አንዱን አንስታ ብርሃን ላይ ያዘችው። ስሟን እንደዚህ ጭቃ ላይ አይታው አታውቅም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንዳያይባት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ስንጥሯን ከእጁ ወሰደች፣ ጣቷን ውሃ ነክራ ሁለቱንም ስሞች ደመሰሰቻቸው፣ የራሷን ከላይ፣ የእሱን ከታች አድርጋ እንደገና ጻፈች። ሁለተኛውን አነሳች። ሦስተኛውን። ዪሻን ቆሞ ሲያያት ከቆየ በኋላ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«እትዬ፣ አንዳንዴ እንኳን ዝም ብትዪ ምን አለበት?»

«ዝም ስል ምን እንደሚሆን አይተኸዋል» አለችውና አራተኛውን እንዲያቀብላት እጇን ዘረጋች።